በታኅሣሥ ሜዳ ልጅ ለምትመርጥ

ልጄ፣ የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ የገና ተጫዋቾችን የመምረጡን ሥራ ላንተ እንደሰጠ ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። በባህል ስፖርቶች ውድድርና ፌስቲቫል ላይ ገና ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከኮርቦ፣ ከቡብ፣ ከሻህና ከፈረስ ጉግስ ጎን ቦታ አለው። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ደግሞ ለሀገር አቀፉ ውድድር ልጅ ያቀርባል። ውድድሩ የሚመጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ በታኅሣሥ በየቀበሌው በታጨደው ማሳ ላይ የሚደረገው ጨዋታ ላንተ የመመልመያ ወቅት ነው።

እኔ በጫግኒ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ልጅ መርጬ የላክሁባቸው ዓመታትም ብዙ ናቸው። አብሬህ ሜዳ ዳር ብቆም በጆሮህ የምነግርህን ነው የጻፍሁልህ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዝ፦ ሜዳው የሚያሳይህ የዛሬውን ልጅ ነው፤ አንተ የምትመርጠው ግን ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደርሰውን ነው። ሥራው ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

1. ከመፍረድህ በፊት ልጁ ምን በልቶ፣ ከየት ተነሥቶ እንደመጣ ጠይቅ።

ገና የሚደምቀው በጾመ ነቢያት ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባና እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል። ስለዚህ ከምታያቸው ልጆች ብዙዎቹ ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ነው ዱላ ይዘው የሚወጡት። ወሩ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ወር ነው። ዳጉሳ ሲወቃ የሰነበተ ክንድ ከሰዓት በኋላ ሩሯን፣ የጨዋታዋን ኳስ፣ አጥብቆ መለጋት ያቅተዋል። አንዳንዱ ከብቱን ለታናሽ ወንድሙ አደራ ሰጥቶ ነው የመጣው፤ በየመሀሉ አንገቱን ወደ ማሳው ዳር ሲያዞር ብታየው ልቡ ጨዋታው ላይ የለም ብለህ አትጻፍ። እህል ውስጥ የገባች ላም ማታ የምታመጣበትን መዘዝ እያሰበ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወባን አስብ። የእኛ አገር ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታበታል። ወባ ደም ያፈርሳል፤ በኅዳር ታሞ የተነሣ ልጅ በታኅሣሥ ቆሞ ቢሄድም ደሙ ገና አልተመለሰም። እንዲህ ያለው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉም ቀድሞ ሩሯ ዘንድ ይደርሳል፤ ጥቂት ቆይቶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ ታገኘዋለህ። ሜዳ ዳር የቆመው ሰው «ትንፋሽ የለውም» ይላል። አንተ ጠጋ ብለህ የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ወደታች ሳብ አድርገህ እይ። ውስጡ ነጣ ካለ ስሙን ጻፍ፣ ለእናቱ ነግረህ ወደ ጤና ጣቢያ ላከው፣ ከበዓሉ በኋላም ደግመህ እየው። ያኔ ሌላ ልጅ ልታይ ትችላለህ።

2. ትልቅ የሆነውን ልጅ ከጎበዙ ልጅ ለይ።

ብዙ መልማይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ሳላሳጥር ልነግርህ እወዳለሁ። የምታያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ናቸው። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜ ድንገት ይመዘዛል፤ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደለም። አንዱ በ12 ዓመቱ ይጀምራል፣ ሌላው 15 እስኪሞላው ይቆያል። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ልጆች አንዱ ጢም ሊያበቅል ሲል፣ የሌላው ድምፅ ገና እንደ ሕፃን ቀጭን ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ሩሯ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ መልማይ መሆን አያስፈልግም። ሦስት ዓመት ታግሠህ ብታይ ግን የዘገየው ይደርስበታል፤ ሲያልፈውም አይተናል። ትንሽ ሆኖ ከትልልቆች ጋር መጫወት የለመደ ልጅ፣ ጉልበት ሲያገኝ ብልሃቱ አብሮት ይቆያል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ከገና ጨዋታ ጋር ዘመድ የሚመስለው የበረዶ ሆኪ በካናዳ የሕዝቡ ሁሉ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ የታወቁ የሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ወር ቆጥረው አንድ ነገር አሳዩ፦ በጃንዩወሪ፣ በፌብሩወሪና በማርች የተወለዱት በዓመቱ መጨረሻ ወራት ከተወለዱት እጅግ ይበዙ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የልጆቹ የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው ጃንዩወሪ 1 ላይ ስለሆነ፣ በጃንዩወሪ የተወለደው ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው ጋር በአንድ ምድብ ሲገባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ይበልጠዋል። ትልቁ ይመረጣል። የተመረጠው ጥሩ አሠልጣኝ፣ ብዙ ልምምድና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፤ ከዓመታት በኋላም በእርግጥ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ያልተመረጠው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ የልደት ቀን በመዝገብ በሰፈረበት አገር ይህን ያህል ካሳሳተ፣ እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚያሳስት አንተው ገምት።

በሀገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። አሁን ሜዳ ላይ የምታያቸው ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ያለው በክርስትና ካርድ፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በእናታቸው ልብ ውስጥ ነው። በ2013 ዓ.ም ከመተከል ተፈናቅለው እዚሁ ጫግኒ ራንች መጠለያ ከገቡት ቤተሰቦች መካከል ደግሞ ካርዱም መዝገቡም ከቤታቸው ጋር የቀረባቸው አሉ። አደራህን፣ እንዲህ ያለውን ልጅ «ማስረጃ የለህም» ብለህ ከመስመር አታውጣው። እናቱን አነጋግር። «ዕድሜው ስንት ነው» ስትላት የምትነግርህ ቁጥር ግምት ነው። «ስትወልጂው ምን ይዘራ ነበር፤ የትኛው ንግሥ ደርሶ ነበር፤ ከጎረቤት አብራሽ የወለደች ማን ናት» ብለህ ብትጠይቃት ግን ወሩን ሳይቀር ታገኘዋለህ።

ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆኑ ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ እያየ ዕድሜ ያጣራል፤ የአንጓ አጥንት እድገቱን ሲጨርስ ስለሚገጥም ነው። አንተ ያንን መሣሪያ ተሸክመህ ማሳ ላይ አትወጣም፤ ግን ዓይን አለህ። እጅና እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ የረዘመ፣ ድምፁ ያልጎረነነ፣ የዓምናው ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረበት ልጅ ገና ማደግ ላይ ነው። አባቱንና ታላቅ ወንድሙን እይ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ ውርንጭላ ሲመርጥ የእናቲቱን ቁመትና የውርንጭላውን የእግር አጥንት ያያል እንጂ ከጎልማሳ ፈረስ ጋር አያሽቀዳድመውም። በማስታወሻህ ላይ ከየስሙ አጠገብ «ገና ያድጋል» ወይም «እድገቱን ጨርሷል» የሚል ቃል አስፍር። ስም ስትሰርዝና ስታስቀር ያ ቃል ብዙ ይረዳሃል።

3. ሩሯን ትተህ ልጁን ተከተል።

የተመልካች ዓይን ከሩሯ ጋር ይንከባለላል፤ ያንተ ግን እንዲያ እንዳይሆን። አንድ ልጅ ለይና ለአሥር ደቂቃ ከእሱ ላይ ዓይንህን አትንቀል፤ ሩሯ የት እንደደረሰች ባታውቅም ግድ የለም። ሩሯ ስትርቀው ይቆማል ወይስ ይንቀሳቀሳል? ከመምጣቷ በፊት ቀና ብሎ ጓደኞቹ የት እንዳሉ ያያል ወይስ እግሩ ሥር ከደረሰች በኋላ ነው የሚፈልጋቸው? ሲነጠቅ ምን ያደርጋል? ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ጓደኛውን የሚወቅስ አለ፤ ወዲያው ዞሮ የሚያሳድድም አለ።

ከዚገም ወገን የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ አይረሳኝም። ሌሎቹ ሩሯ የገባችበት ግርግር ውስጥ እየተግተለተሉ ሲገቡ፣ አቧራው ሲነሣ፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ፣ እሱ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብሎ ጎንበስ ይል ነበር። የዱላውን ቆልማማ ጫፍ ሣሩ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። ሩሯ ከግርግሩ ሾልካ ስትወጣ በአብዛኛው የምትወጣው በእሱ በኩል ነው። አግኝቷት አይለጋትም፤ በስሱ ነካ ያደርጋትና በባዶው ሜዳ ለቆመው ጓደኛው ይሰጣታል። እልል የተባለው ለለጋው ልጅ ነው። ሩሯ ከየት እንደምትወጣ ቀድሞ ያወቀው ግን ያ ቀጭኑ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ዕውቀት በአንድ የሥልጠና ወቅት ለልጅ ማስተማር እጅግ ከባድ ነው። አለጋግን ታስተምራለህ፤ ሩጫም ይሻሻላል። ይህን ግን ይዞት የመጣ ልጅ ካገኘህ አጥብቀህ ያዘው።

4. ቡድኑን አፍርሰህ ደባልቅ።

በመንደር ጨዋታ የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ ብርቱ መንደር ደካማውን እየነዳ ሲያስጨንቅ ይውላል። ከብርቱው ወገን ያለ ሁሉ ጎበዝ ይመስላል፣ ከደካማው ወገን ያለ ሁሉ ሰነፍ። ስለዚህ ዕረፍት ላይ ግማሹን ወዲያ ግማሹን ወዲህ አድርግ። ሽማግሌዎቹ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ የመንደር ክብር ነውና አስቀድመህ ሄደህ ፈቃዳቸውን ጠይቅ። ከአሸናፊዎቹ ጋር የነበረው ልጅ ሌላኛው ወገን ሲገባ ቢጠፋ፣ ያየኸው የጓደኞቹን ችሎታ ነበር።

5. ከፍታውን አስታውስ።

ጫግኒ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ኢንጅባራ ከ2,500 ሜትር ይዘልላል። የዞኑ ምርጫ እዚያ ላይ ሲሆን የእኛ ልጆች በደረሱበት ቀን ይደክማሉ። ቢቻል ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይውጡ። የደጋው የባንጃ ልጅ ወደ እኛ ሲወርድም ሙቀቱ ያዝለዋልና እሱንም በመጀመሪያው ቀን አትፍረድበት።

6. ልታየው የሄድህለትን ልጅ ብቻ አይተህ አትመለስ።

በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ክለቦቹ በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ ስም እየጠሩ ይመርጣሉ። የዲትሮይት ክለብ መልማይ የነበረው ስዊድናዊው ሃካን አንደርሰን የሚታወቅበት ታሪክ አለ። ሌላ ተጫዋች ሊያይ ወደ ሩሲያ ሄዶ፣ ማንም ያልፈለገውን ፓቬል ዳትሱክ የተባለ ትንሽዬ ልጅ አየ። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመርጠው በ171ኛ ተራ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሄንሪክ ዘተርበርግን በ210ኛ ተራ ወሰደ። ከሁለቱ በፊት በመቶ የሚቆጠሩ ስሞች ተጠርተዋል። ሁለቱ አብረው እ.ኤ.አ. በ2008 የሊጉን ዋንጫ አነሡ፤ ዳትሱክ በ2002ም አንሥቷል።

አንተ ዘንድም እንዲሁ ነው። «የእገሌን ልጅ ሂድና እይ» ተብለህ ትሄዳለህ። ሂድ፣ እየውም። ግን እሱን ሲይዝ የዋለው፣ ስሙን ማንም ያልነገረህ ልጅ ማን እንደሆነ ሳታጣራ ከሜዳው አትውጣ።

7. ዱላ አያያዙን በጥንቃቄ እይ።

በዓሉ ላይ ሰው ቢመታ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ጌታም ሎሌም እኩል የሚጋፋበት ጨዋታ ነው፣ አባቶቻችንም ቂም አይይዙበትም ነበር። በውድድር ሜዳ ላይ ግን ዳኛ አለ፣ መስመር አለ፣ ደንብ አለ፤ ሰው ተጠግቶት ሳለ ዱላውን ከትከሻው በላይ የሚያነሣ ልጅ ቡድኑን ያስቀጣል፣ የጓደኛውን ቅልጥምም ይሰብራል። እንዲህ ያለው ድፍረት ከሩቅ ያምራል፤ ቀርበህ ስታየው ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፤ እንዳይቀርቡት ነው የሚያወናጭፈው። ደፋሩ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ ዱላውን ከመሬት ሳያርቅ ገብቶ የሚወጣው ነው። ጠባዩ ካማረህና አያያዙ ካላማረህ ግን አትተወው፤ ይህ በልምምድ ይቃናል። ለአንድ ሳምንት ዝቅ አድርጎ እንዲይዝ ንገረውና ተመልሰህ እይ። የተነገረውን ሠርቶበት ከጠበቀህ፣ ከአለጋጉ የሚበልጥ ነገር አሳይቶሃል።

8. በየቀኑ የሚያየውን ሰው ጠይቅ።

የአንድ ቀን ጨዋታ የአንድ ቀን ወሬ ነው። በቆጂ ላይ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠናቸው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ልጆቹን በዝናቡም በፀሐዩም፣ ሲደክማቸውም ሲበረቱም ስላየ ነው ያወቃቸው። አንተም ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ሂድ። መምህሩ ከክፍል ሲቀር ለምን እንደሚቀር ይነግርሃል። ቤተሰቡ ዘንድም ሂድ፤ ልጁን ለልምምድ ስትወስደው ለአጨዳና ለከብት ጥበቃ የነበረ እጅ እየወሰድህ ነው። አባትየውን ሳታስፈቅድ ስሙን ብትልክ በሁለተኛው ሳምንት ልምምድ ላይ አታገኘውም።

9. መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ ተናገር።

ጨዋታው እንዳለቀ ሰው ይከብሃል። «ያን ረጅሙን አየኸው?» ይሉሃል፤ ሳታስበው ያንን ረጅሙን ያየኸው ይመስልሃል። ስለዚህ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ማስታወሻህን ጨርስ። አብሮህ ሌላ መምህር ካለ እሱም ለብቻው ይጻፍ፤ ማታ ቁጭ ብላችሁ አስተያዩት። የተስማማችሁበት ስም ብዙ አያከራክርም። ያልተስማማችሁበት ልጅ ግን ሁለተኛ ጊዜ መታየት አለበት፤ አንዳችሁ ሌላው ያላየውን ነገር አይታችኋል ማለት ነው። አንድን ልጅ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሜዳና በተለያየ ተጋጣሚ ሳታየው አትቁረጥ።

የዘመድም ነገር አለ። ጠላ ቤት ይጠሩሃል፣ ማር ይልኩልሃል፣ «የእኛው ልጅ አይደለም ወይ» ይሉሃል። አሳፋሪ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ልጃቸው ነው፣ ተስፋቸው ነው። በአክብሮት እምቢ በል። የዘመድህ ልጅ ሜዳ ላይ ካለ በእሱ ላይ የሚጽፈው ሌላው መምህር ይሁን፣ ይህንንም በሰው ፊት ተናገር። አንድ ጊዜ በማር ተመረጠ የተባለ ልጅ፣ በችሎታው የተመረጠ እንኳ ቢሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ ስሙ አይጠራም።

10. ያልመረጥሃቸውን ራስህ አነጋግራቸው።

ዝርዝሩን ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ አትሂድ። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ስሙን ወረቀቱ ላይ ፈልጎ ያጣ ልጅ፣ ማንም ሳያነጋግረው ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚሄድ አስብ። አንድ በአንድ ጥራቸው። ለእያንዳንዱ ደህና አድርጎ የሠራውን አንድ ነገር፣ ሊያሻሽለው የሚገባውን አንድ ነገር፣ መቼ ተመልሰህ እንደምታየው ንገረው። «ጎበዝ ነህ፣ አይዞህ» ብቻ አትበለው፤ ልጅ ባዶ ማጽናኛን ያውቃል። «ሩሯን ሳታይ ሰው ታያለህ፣ ይህ መልካም ነው፤ በግራ በኩል ስትመጣብህ ግን ትደነግጣለህ፣ በግራ ለመለጋት ተለማመድ፤ መጋቢት ላይ ትምህርት ቤታችሁ እመጣለሁ» በለው። ቀኑንም በማስታወሻህ ጻፈው፤ መጋቢት ሲደርስም ሂድ።

«ገና ያድጋል» ብለህ የጻፍህባቸውን ስሞች ለብቻ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጥ። አንዱን ቅጂ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ውስጥ አስቀምጥ፤ ሥራ ብትቀይር ቀጣዩ መልማይ እንዲያገኘው። ሌላውን ለእኔ ላክልኝ። እግሬ እስከቻለ ድረስ በየትምህርት ቤቱ እየዞርሁ አይልሃለሁ።